በመጀመሪያው ቀን የተባረረው ፖሊስ፦ ስለ ፖሊስ አመራር ከታሪክ የምንማረው



ዛሬ የጻፍኩት ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካስተማርኳችሁ ልጆች መካከል ፖሊስ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ሰሞኑን አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ሰው እንድመራ ተመድቤያለሁ፤ ከታሪክ ምን ልማር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። መቼም ስለ አመራር የሚጻፈው የማነቃቂያ መጽሐፍ በየመንገዱ ሞልቷል። እኔ ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና በታሪክ ልመልስለት። መልሱ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚህ አደረግኩት።

እስቲ ከማዕረጎቹ ስም እንጀምር። ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮሚሽነር። በየጣቢያችን የምንሰማቸው እነዚህ ስሞች በ1829 ለንደን ላይ በተቋቋመው ፖሊስ ውስጥ አንድ ላይ ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። ወደኛ የመጡበት መንገድም ግልጽ ነው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1942 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት የእንግሊዝ የፖሊስ መኮንኖች አገራችን ገብተው ሠርተዋል። በዚያው ዓመትም የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ስለዚህ የለንደንን ታሪክ ማወቅ የሩቅ አገር ወሬ መስማት ብቻ አይደለም።

ከ1829 በፊት ለንደን በየደብሩ የተመደቡ ጠባቂዎችና ፋኖስ ይዘው የሚዞሩ የሌሊት ዘበኞች ነበሯት። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሕዝቡም ይቀልድባቸው ነበር። ረብሻ ሲነሳ የሚጠራው ጦር ሠራዊት ነው። ወታደር ደግሞ የሚያውቀው መተኮስ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ያሰበው አዲስና የተደራጀ ፖሊስ ማቋቋም ነበር። ሕዝቡ ግን ፈራ። «የመንግሥት ሰላይ በየደጃችን ሊቆም ነው» አለ። በፍርሃቱም አይፈረድበትም።

ፒል ሁለት ሰዎችን ኮሚሽነር አድርጎ ሾመ። አንዱ ኮሎኔል ቻርልስ ሮዋን በዋተርሉ ጦርነት የቆሰለ ወታደር ነው። ሁለተኛው ሪቻርድ ሜይን ወጣት የአየርላንድ ተወላጅ ጠበቃ ነው። አንዱ ሰው ማደራጀትና ሥነ ሥርዓት ያውቃል፣ ሌላው ሕግ ያውቃል። ሁለቱ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም ነበር፤ ሆኖም ከ20 ዓመት በላይ ተስማምተው ሠሩ። ፒል ወታደር ብቻ ቢሾም ፖሊሱ ሁለተኛ ጦር ይሆን ነበር፤ ጠበቃ ብቻ ቢሾም ደግሞ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሮዋን ያደገበት 52ኛው ክፍለ ጦር ጄኔራል ጆን ሙር ያሠለጠነው ነው። የሙር ዘዴ ለዘመኑ አዲስ ነበር። መኮንኑ ወታደሩን በግርፋት ከማስፈራራት ይልቅ በቅርብ እንዲያውቀው፣ እንዲያስተምረውና ራሱ ምሳሌ እንዲሆንለት ያዛል። ሮዋን ይህን ልምድ ይዞት መጣ። በአዲሱ ፖሊስ አደረጃጀት አንድ ሳጅን የሚመራው 9 ኮንስታብሎችን ነበር። 9 ሰው ማለት ማን ታሟል፣ ማን ይጠጣል፣ ማን ቁጡ ነው የሚለውን ማወቅ የሚቻልበት ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ኮንስታብል የሚዞርበት መንገድ የታወቀ ነበር። ሳጅኑም በየመሃሉ እየሄደ ያየዋል። ቁጥጥሩ የሚካሄደው መንገድ ላይ እንጂ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ አልነበረም።

አለባበሱም ታስቦበታል። ጦሩ ቀይ ስለሚለብስ ፖሊሱ ሰማያዊ ለበሰ። የያዘው ዱላ ነው፤ እሱም ከኮቱ ሥር ይደበቃል። ኮሌታው ላይ ደግሞ ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል። ይህቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ። በደል የደረሰበት ሰው ስም ባያውቅ እንኳ ቁጥሩን ይዞ አለቃው ዘንድ መሄድ ይችላል ማለት ነው። መሪዎቹ ገና ከመጀመሪያው ቀን ፖሊሱን ለሕዝብ ክስ ክፍት አደረጉት።

መስከረም 29 ቀን 1829 የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ሥራ ወጡ። የመለያ ቁጥር 1 የተሰጠው ዊልያም አትኪንሰን የሚባል ሰው ነበር። በዚያው ቀን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ሰክሮ በመገኘቱ ተባረረ! በክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎች ይስቃሉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። አዲስ መሥሪያ ቤት በሥራ መክፈቻው ቀን የመጀመሪያ ሠራተኛውን ማባረር ያሳፍራል። «ለዛሬ እንሸፍነው፣ ስማችን ይጠፋል» ማለት ይቀላል። ሮዋንና ሜይን አልሸፈኑም። በቀጣዮቹ ዓመታትም በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊሶች ተባረሩ ወይም ለቀቁ፤ ለመባረር ዋናው ምክንያት መጠጥ ነበር። ስም የሚጠበቀው ጥፋትን በመደበቅ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

ፒል ሌላም ነገር ከለከለ። በዚያ ዘመን የጦር መኮንንነት በገንዘብ ይገዛ ነበር። በፖሊስ ውስጥ ግን ሳጅንና ኢንስፔክተር ከሥር፣ በሥራው ታይቶ እንዲያድግ ተወሰነ። የትልቅ ሰው የምክር ደብዳቤ ይዞ ለሚመጣ ቦታ የለም ተባለ። ዘመድ አዝማድ መሾም በእኛ አገር የተፈጠረ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለም።

እውነተኛው ፈተና በ1833 መጣ። በግንቦት ወር ኮልድባዝ ፊልድስ በሚባል ቦታ ፖሊስ ሰልፍ ሲበትን ሮበርት ከሊ የተባለ ኮንስታብል በጩቤ ተወግቶ ሞተ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመሩት ተራ ዜጎች «ግድያው ተገቢ ነው» ብለው ፈረዱ። አስቡት! ሥራ ላይ የነበረ ፖሊስ ተገድሎ ሕዝቡ ለገዳዩ ሲያዝን። ውሳኔው በኋላ ቢሻርም ሕዝቡ ፖሊሱን ምን ያህል እንደጠላው በግልጽ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ፖፔይ የተባለ ሳጅን ሲቪል ለብሶ በአንድ የፖለቲካ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ሲሰልል እንደነበር ታወቀ። ከመሰለልም አልፎ አባላቱን ሲገፋፋ ተገኘ። ጉዳዩ ፓርላማ ደርሶ ተመረመረ፤ ሳጅኑም ተባረረ። ኮሚሽነሮቹ ከዚህ በኋላ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ በማሠማራት በኩል በጣም ተጠነቀቁ። የወንጀል መርማሪ ክፍል የተቋቋመው በ1842 ነው፤ እሱም በ2 ኢንስፔክተሮችና በ6 ሳጅኖች ብቻ። የሕዝብ አመኔታ እንደ ሸክላ ነው፤ አንዴ ከተሰበረ መጠገኑ ከባድ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያኮራውን ነው። አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ።

ሮዋን በ1850 ጡረታ ወጣ። ሜይን ቀረ። የተሾመለትን አዲስ አጋር አልወደደውም፤ ተጣሉ። ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብቻውን መራ። ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር በእሱ እጅ የሚያልፍ ሆነ፤ ሊተካው የሚችል ሰው ግን አላዘጋጀም። በ1866 ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተነሳው ረብሻ ሽማግሌው ሜይን ራሱ ሜዳ ላይ ወጥቶ በድንጋይ ተመትቶ ደማ። ጀግንነቱን ማንም አይክደውም። በ1867 ግን ከባዱ ስህተት መጣ። የአየርላንድ ታጋዮች የታሰረ ጓዳቸውን ለማስፈታት የክለርከንዌልን እስር ቤት አጥር ሊያፈነዱ ነው የሚል መረጃ አስቀድሞ ደርሶ ነበር። ፖሊስ አጥሩ ከሥር ተቆፍሮ ይፈነዳል ብሎ ሲጠብቅ ሰዎቹ ባሩድ የሞላ በርሜል በጋሪ አምጥተው አጥሩ ሥር አስቀመጡት። 12 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ሜይን መልቀቂያ አቀረበ፤ አልተቀበሉትም። በ1868 መጨረሻ በሥልጣኑ ላይ እንዳለ ሞተ። 39 ዓመት ሙሉ መርቷል።

እኔ ሜይንን አልንቀውም፤ ትልቅ ሰው ነው። ነገር ግን ወጣት ሆኖ የገነባውን ቤት ሽማግሌ ሆኖ በሩን የዘጋው እሱው ራሱ ነው። ጥሩ መሪ የሚለካው እሱ በሌለበት ቀን ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ታይቶ ነው።

ችግሩ ከሜይን በኋላም ቀጠለ። ከሥር የሚያድገው ሰው እስከ ሱፐርኢንቴንደንት ይደርስና ይቆማል። የላይኛው ወንበር ከጦርና ከሌላ መንግሥታዊ ሥራ ለሚመጣ ሰው ነው። አለቃው የታችኛውን ኑሮ አያውቅም። በነሐሴ 1918 የለንደን ፖሊሶች ደመወዝ አልበቃን አለ፣ ማኅበራችን ይታወቅልን ብለው ሥራ አቆሙ። ኮሚሽነሩ በዚያን ሰዓት ፈቃድ ላይ ነበር፤ ወዲያው ሥልጣኑን ለቀቀ። ሰው አድማ ከመምታቱ በፊት ብዙ ቀን ያጉረመርማል። ያንን ማጉረምረም የሚሰማ አለቃ አልነበረም ማለት ነው።

በ1930ዎቹ ሎርድ ትሬንቻርድ የተባለ የአየር ኃይል መሪ ኮሚሽነር ሆነ። «መሪ ካልተማረ ከየት ይመጣል?» ብሎ በ1934 ሄንደን ላይ የፖሊስ ኮሌጅ ከፈተ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ግን ከውጭ የመጡ የተማሩ ወጣቶች ኮንስታብል ሆነው መንገድ ሳይዞሩ በቀጥታ ኢንስፔክተርነት እንዲጀምሩ ፈቀደ። ዓመታት ብርድ ላይ የቆመው ሳጅን ምን እንደተሰማው ለመገመት አይከብድም። ኮሌጁ በ1939 ተዘጋ። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 አዲስ ብሔራዊ ኮሌጅ ሲከፈት መንገዱ ተስተካከለ፤ የሚሠለጥኑት ከሥር ሠርተው ያደጉት ሆኑ። ከሄንደን የመጀመሪያ ሠልጣኞች አንዱ የነበረው ጆሴፍ ሲምፕሰን ፖሊስነትን የጀመረው በተራ ኮንስታብልነት ነው። በ1958 ኮሚሽነር ሆነ። ከኮንስታብልነት ተነስቶ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ለዚህ ለመብቃት 129 ዓመት ፈጀ!

እንግዲህ ለጠየቅከኝ ልጅ መልሴ ይኸው ነው።

ልምድ ብቻውን አይበቃም። ከሥር ያደገ ሰው ካልተማረ የሚያውቀው የድሮ አለቃውን ጠባይ ብቻ ነው፤ አለቃው ቢሰድበው እሱም ይሳደባል። ትምህርት ብቻውንም አይበቃም፤ ብርዱን ያላየ ሰው ብርድ ላይ የቆመውን አያዝም። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው መሪ የሚያወጡት። ሰንዳፋ ኮሌጅ የገባችሁም፣ ከታች በሳጅንነት የመጣችሁም አንዳችሁ ሌላችሁን አትናቁ።

ያንተን 9 ሰዎች እወቃቸው። ቁጥራቸው 9 ባይሆንም። ጥፋት ስታይ በመጀመሪያው ቀን አስተካክል፤ የሸፈንከው ነገር ነገ ያንተ ይሆናል። ሊከስህ የመጣውን ሰው አትቆጣው፤ ጣቢያ ድረስ መምጣቱ ገና ተስፋ እንዳልቆረጠ ያሳያል። አንዲት እናት ልጇን ፍለጋ ጣቢያ በር ላይ ስትቆም ሮበርት ፒልን አታውቀውም። የምታውቀው በሩ ላይ ያለው ልጅ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» ማለቱን ወይም አለማለቱን ነው። ልጁ እንደዚያ የሚላት አለቃው እንደዚያ ሲል ሰምቶ ከሆነ ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ ጤናውም ከአናቱ ነው።

በመጨረሻም፣ ከተመደብክበት ቀን ጀምሮ የሚተካህን ሰው አሠልጥን።

በሙያው ውስጥ ያላችሁ የጎደለውን ሙሉበት፤ ከእናንተ ልማር። ለፖሊስ ጓደኛችሁም አጋሩለት።