ከወባ ኪኒን እስከ ቁርጥማት መድኃኒት፦ ነፍሰ ጡር ሁሉንም ታቁም?

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደርስ ውርጌሳን ያገኛል። በዚህ የሀብሩ ምድር ወባ የቆየ ጠላት ነው፤ ክሎሮኪንም የቆየ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህሉን ፈጅቷል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ክሎሮኪንም ለአስርተ ዓመታት ለነፍሰ ጡሮች ጭምር ሲታዘዝ ኖረ።

የወባ ኪኒኖች ግን ሌላም ታሪክ አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወባን ለመከላከል አታብሪን ይውጡ ከነበሩ ወታደሮች መካከል የቆዳ ሉፐስና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የነበረባቸው ሻል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ በጽሑፍ አወጣ። በ1955 የክሎሮኪን ታናሽ የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአሜሪካ ተፈቀደ።

ከዚያ የታሊዶማይድ ጥፋት መጣ። ለነፍሰ ጡሮች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ይህ መድኃኒት ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ጎድቶ በ1961 ከጀርመን ገበያ ወጣ። «እርጉዝ መድኃኒት አትንካ» የሚለው ፍርሃት በዓለም ሁሉ በረታ። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በጅምላ ሲሠራበት ግን ራሱ ይጎዳል፦ መድኃኒቷን በድንገት ያቆመች የሉፐስ ሕመምተኛ ሕመሙ ሊያገረሽባት፣ ፅንሱም ሊጨነግፍ ወይም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው መድኃኒት?» ነው። ሜቶትሬክሴት ፅንስ ያስወርዳል፣ የአካል ጉድለትም ያስከትላል፤ ከእርግዝና ከ1 እስከ 3 ወር ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ ለምታጠባ እናትም አይመከርም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሰልፋሳላዚንና በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ግን በሐኪም ክትትል በእርግዝናም በጡት ማጥባትም ሊቀጥሉ ይችላሉ። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2020 ያወጣው መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ ከፋርማሲ እንደ ዋዛ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ፤ እየቆየ ሲሄድም ለልቡ ያሰጋሉ።

ከውርጌሳ ወልዲያ ድረስ እየተመላለሰች የምትታከም ሴት መውለድ ስታስብ፣ ከማርገዟ በፊት መድኃኒቷን ይዛ ትጠይቅ። ባለሙያውም «አቁሚው» ከማለቱ በፊት «የትኛውን ነው የምትወስጂው?» ይበላት። እናትንም ልጅንም የሚያተርፈው ይህ ጥያቄ ነው።