የአልዩ አምባው ሕመምተኛና አስታማሚው

በሕክምና ታሪክ ስለ ሐኪሞች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አስታማሚዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ከዚህ ጥቂት መካከል አንዱ በሸዋ ምድር የተፈጸመ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ራሱ ሐኪም መሆኑ ነገሩን ለሙያው ሰዎች ይበልጥ ያቀርበዋል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክት ወደ አንኮበር መጣ። በማግሥቱ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ወጣት የእንግሊዝ ቀዶ ጥገና ሐኪም ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በማቋረጥ ሸዋ ደረሰ፤ መኖሪያውንም በአልዩ አምባ አደረገ። አልዩ አምባ ከአንኮበር በታች በምሥራቅ በኩል የምትገኝ፣ ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉባት፣ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ነበረች።

ጆንስተንን የንዳድ በሽታ የጣለው በዚህች ከተማ ነው። ንዳድ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፤ ቀጥሎ ያቃጥላል፤ በላብ አጥምቆም ይለቃል። ሕመምተኛው ዳንሁ ሲል ተመልሶ ይመጣል። ከሲንኮና ቅርፊት የሚገኘው ኪኒን ከ1820 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቅ እንጂ፣ የበሽታው ምክንያት ከረግረግ የሚነሣ ክፉ አየር ነው ይባል ነበር። ላቭራን ተሐዋሲውን በሕመምተኛ ደም ውስጥ ያየው በ1880፣ ሮስም በወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ስለሆነም የለንደኑ ሐኪምና ክታብ አሳሪው ስለ በሽታው ምንጭ ባለማወቅ እኩል ነበሩ።

ከአልጋው አጠገብ ያልተለየው ጆንስተን በጽሑፉ «ዋልደርሄሮስ» እያለ የሚጠራው ሸዌ ነው። ይህ ሰው የተቀጠረው ለአገልጋይነት ነበር፤ ሕመሙ ግን ጌታና አሽከር መሆናቸውን አስረስቶ ወዳጅ አደረጋቸው። አንደኛው አማርኛን በቅጡ አያውቅም፤ ሁለተኛው እንግሊዝኛ አልሰማም። እንግዳው ስለ መድኃኒት፣ ባላገሩ ስለ ቡዳና ስለ ዓይነ ጥላ ያለውን እምነት ይዞ ሲከራከር፣ ከክርክሩ ሳቅ መውጣቱ አልቀረም። ጆንስተንም የአስታማሚውን ከልክ ያለፈ ጭንቀት በፈገግታ ያወሳል፤ ከፈገግታው በስተኋላ ግን የባለዕዳ ምስጋና ይነበባል። ሊያድን የመጣው ሐኪም ውኃ የሚያቀብለውን ሰው እጅ የሚጠብቅ ሆኖ ነበርና።

ጆንስተን ከደዌው ተርፎ በ1844 እ.ኤ.አ. የጉዞውን ታሪክ በሁለት ቅጽ ለንደን ላይ አሳተመ። በዚሁ መጽሐፍ ከነገሥታትና ከውል ታሪክ ጎን፣ ስሙ በሌላ መዝገብ የማይገኝ አስታማሚ ቦታ አገኘ።

ንዳድ ግን አልጠፋም። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ደጋ ቀመስ አገሮች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም፣ መከላከያውም፣ ዕውቀቱም ሰፍቷል። ይሁን እንጂ ዛሬም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከብዙው አልጋ አጠገብ ምግብ የሚያበላ፣ ሕመምተኛውን የሚያገላብጥ፣ ሌሊቱንም በጨዋታ የሚያሳጥር አስታማሚ ይታያል። ሐኪሙ ጉብኝቱን ሲጀምር «አስታማሚዎች ውጡ» ማለቱ የሥራው ደንብ ነው፤ ሕመምተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ የሚያውቀው ግን ያ የወጣው ሰው ስለሆነ፣ አስቀድሞ እሱን መጠየቅ ይገባል።