የዱቄት ወተት
የዱቄት ወተት ከወተት ውስጥ ውሃው በሙቀት ተንኖ ሲወጣ የሚቀረው ደረቅ ዱቄት ነው። ባክቴሪያ ያለ ውሃ ስለማይራባ ዱቄቱ እንደ ትኩስ ወተት ቶሎ አይበላሽም። ዋናው ጠላቱ ኦክስጅን ነው።

ኦክስጅን ከወተቱ ስብ ጋር ሲዋሐድ (ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል) መጀመሪያ ሽታም ጣዕምም የሌላቸው ፐርኦክሳይዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ሲፈራርሱ አልዲሃይድ የተባሉ ውሁዶች ይወጣሉ፤ የቆየ ዱቄት የሚሸተውም በነሱ ነው። ስለዚህ ሽታው ሳይለወጥ ጉዳቱ ተጀምሯል፤ ቫይታሚን ኤ ም አብሮ ይቀንሳል። ሙቀት፣ ብርሃንና ጥቂት የመዳብ ርዝራዥ ሂደቱን ያፈጥኑታል።

በኮዴክስ መስፈርት ሙሉ ስብ ያለው ዱቄት ቢያንስ 26 በመቶ ስብ አለው፤ ስቡ የወጣለት ግን ከ1.5 በመቶ አይበልጥም። ይኸኛው ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የሁለቱም እርጥበት ከ5 በመቶ ማለፍ የለበትም። የሚገርመው፣ ከመጠን በላይ ማድረቅም አይጠቅምም፤ ዱቄቱ እጅግ ሲደርቅ የስቡ ኦክሲዴሽን ይፈጥናል።

ብዙ ፋብሪካዎች በቆርቆሮው ውስጥ ያለውን አየር በናይትሮጅን ይተካሉ። ቆርቆሮው ሲከፈት ናይትሮጅኑ ይወጣል፤ ክዳኑ ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ቀን የሚሠራው ላልተከፈተ ቆርቆሮ ብቻ ነው።