ቦሎና ፍሬን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የመኪናችንን ስሞች ግን ያወጣው ጣሊያን ነው። መኪና አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ታርጋ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ቦሎ ነው። ቃሉ በአገሩ ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። ጣሊያኖች የመኪና ቦሎ የሚሉት በየዓመቱ የሚከፈለውን ግብር ነው። ምርመራው ሌላ ስም አለው፤ «ሬቪዚዮኔ» ይሉታል፣ ደግሞ ማየት እንደማለት። እኛ ዘንድ ሁለቱ ተቀላቀሉና ምርመራው በወረቀቱ ስም ተጠራ። «መኪናዬን ላስመርምር» የሚል ስንት ሰው አለ? ሁላችንም «ቦሎ ላሳድስ» ነው የምንለው።

ታዲያ የስም ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ዕድሜያቸው 10 ዓመት የሞላ መኪናዎች ፍሬናቸው፣ መብራታቸውና መሪያቸው በየዓመቱ እንዲታይ ግዴታ አደረገች። በምርመራው የወደቁት ብዛት አስደነገጠ። ወዲያው በማግስቱ ዓመት 10 የነበረው ወደ 7 ወረደ፤ በ1967 ደግሞ ወደ 3። እዚያ ሕጉን ያጠበቀው የተገኘው ጉድለት ነው።

እኛም ሕግ አላጣንም። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ነገር ግን የሰፈሬ አንድ ባለታክሲ ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ገጠመ፤ ባለፈ ማግስት ያለቀውን ጎማ መለሰው። ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ለማግኘት እኮ ነው!» አለኝ። እንደ ቃሉ ትርጉም ከሄድን ልጁ አልተሳሳተም። ግን በዚያ ጎማ 12 ሰው ጭኖ ከሽሮሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ይወርዳል።

አሮጌ መኪና መንዳት ነውር አይደለም፤ የአቅም ጉዳይ ነው። አዲስ መግዛት ለብዙዎቻችን የማይታሰብ በሆነበት አገር አሮጌውን መጣል አይቻልም። ምርመራው ከማንም ይልቅ ለኛ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ወዳጅ ቦሎ አሳድሶ ሲመጣ «ስንት አስከፈሉህ?» ብለን እንጠይቃለን። «ምን ጉድለት አገኙበት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።