ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ መነሣት

ከሐራ ወደ ወልድያ ሆስፒታል መጥተው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን አዛውንት አባት ልጆቻቸው ከአልጋ እንዳይነሡ ቢከለክሏቸው ሊነቀፉ አይገባም፤ የሕክምናው ዓለምም ራሱ ለረጅም ዘመን ያዝዝ የነበረው ይህንኑ ነውና። ሆዱ የተከፈተ በሽተኛ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በጀርባው እንዲተኛ ይደረግ ነበር። የቺካጎው ሐኪም ኤሚል ሪስ በ1899 እ.ኤ.አ. ልማዱን የሚቃወም ጽሑፍ ቢያወጣም ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ትምህርቱ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ አልጋና አስታማሚ ባነሰ ጊዜ ነው። ቶሎ የተነሣው በሽተኛ ስፌቱ እንዳልተፈታ ታየ፤ ክርክር ያላሳመነውን ችግር አሳመነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር በ1947 እ.ኤ.አ. የመኝታን ጠንቅ ዘርዝሮ ጻፈ፤ ይኸውም የደም መርጋት፣ የሳንባ ምች፣ የጀርባ ቁስል፣ የጡንቻ መመንመን ነው። ሁሉም በአዛውንት ላይ ይበረታሉ።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ሔንሪክ ኬሌት ሕመምን ማስታገስን፣ ቶሎ መመገብንና ቶሎ መራመድን አቀናጀ። ቅንብሩ ተገቢ ነው፤ ሕመማቸው ያልታገሰላቸው አዛውንት ተነሡ ቢባሉ እሺ አይሉምና። ምክሩም ለልጆቻቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይነገር፤ ምርኩዛቸውም ከቤት አብሮ ይምጣ።