ጌልስኮል ያልገባው የአይሪሽ ሊቅ

ደብሊን ያላችሁ ወገኖቼ፣ «ልጄ ሁሉም ነገር በአይሪሽ የሚማሩበት ጌልስኮል ስላልገባች አይሪሽ ላይ ከፍተኛ ውጤት አታመጣም» ስትሉ እሰማለሁ። እስቲ ታሪኩን እንየው።

ዳግላስ ሃይድ የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነው፤ የቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ። በልጅነቱ ዘመን ጌልስኮል ብሎ ነገር የለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1845 ከጀመረው ረሃብ በኋላ ብዙ ወላጅ «ለስደት የሚጠቅመው እንግሊዝኛ ነው» እያለ ልጆቹን አይሪሽ እንዳይናገሩ ይከለክል ነበር። ሃይድ ግን ቋንቋውን ከሮስኮመን ገጠር ሰዎች አፍ ለቀመው። አጻጻፉን ሳያውቅ፣ ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል እያስቀመጠ የዕለት ማስታወሻውን በአይሪሽ ይጽፍ ነበር። በ1893 የጌሊክ ሊግን ከመሠረቱት አንዱ፣ በ1909 የአይሪሽ ፕሮፌሰር፣ በ1938 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ዛሬስ? በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ለአይሪሽ ከሚሰጠው ነጥብ 40 በመቶው የቃል ነው። አፍ የሚፈታው ደግሞ በማውራት ነው። የአይሪሽ ሬዲዮ ከ1972፣ ቴሌቪዥኑ ከ1996 ጀምሮ አለ፤ በበጋ ዕረፍት ቋንቋው የሚነገርባቸው መንደሮች ቤተሰብ ጋር አርፎ መማርም አለ።

ትምህርት ቤቱ ያግዛል፣ አልክድም። ግን ቋንቋውን ያቆዩት ክፍል ሳይገቡ ያወሩት ናቸው። ልጅቷን የሚያዋራት ሰው ፈልጉላት።