የፒንክ ፍሎይዱ ድራመር እና ፌራሪዋ

በ1977 (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው) የፒንክ ፍሎይድ ድራመር ኒክ ሜሰን የ15 ዓመት ዕድሜ ያላትን አሮጌ መኪና በ35 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገዛ። ያኔ በዚያ ገንዘብ እንግሊዝ አገር ደህና ቤት ይገዛ ነበር። መኪናዋ ደግሞ ውስጧ የሚሞቅ፣ ስትነዳ ጆሮ የምታደነቁር፣ ፋብሪካው ፍጥነት መለኪያ እንኳን ያልገጠመላት ዓይነት ናት። ፌራሪ 250 ጂቲኦ።

ፌራሪ ይህንን ሞዴል ከ1962 እስከ 1964 ድረስ 36 ብቻ ነው የሠራው፤ ለውድድር። ውድድር ደግሞ ርኅራኄ የለውም። አምና ያሸነፈ መኪና ዘንድሮ አዲስ ሞዴል ሲመጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንዷ ጂቲኦማ ቴክሳስ ውስጥ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአውቶ መካኒክ ክፍል ተሰጥታ ቆይታ፣ በ1972 በ6,500 ዶላር ተሸጠች። ሜሰን ሲገዛ ዋጋው መወደድ ጀምሮ ነበር፤ የእሱዋም በ1962 ሌ ማን ላይ ሦስተኛ የወጣች ናት። ቢሆንም ያው አሮጌ መኪና ነበረች።

ሮከር ሀብታም ሲሆን መኪና ይገዛል፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የሜሰን ግን ከሙዚቃው ይቀድማል። አባቱ ቢል ሜሰን ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነበር፤ ለሼል ኩባንያ የመኪና ውድድር ታሪክ ይቀርጽ ነበር። ካሜራውን ሲያስቀምጥ ደግሞ በራሱ አሮጌ ቤንትሌይ ይወዳደራል። ልጁ ያደገው ቤንዚን በሚሸት ቤት ነው ማለት ይቻላል። «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በ1973 ወጥቶ ገንዘቡ ሲመጣ ምን እንደሚፈልግ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

አስቂኙ ነገር እዚህ ጋ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ከፍተኛ ገቢ ላይ እስከ 83 በመቶ ግብር ትቆርጥ ነበር። ባንዱ ገንዘቡን ለማዳን ሲል ለኢንቨስትመንት አማካሪዎች አስረከበ፤ እነሱም ፒዛ ቤት፣ ስኬትቦርድ፣ ምን የማይገቡበት ነገር አለ፣ ሁሉም ውስጥ በተኑት። በሰባዎቹ መጨረሻ ላይ ሲታይ አብዛኛው የለም። አራቱም ሰዎች ለአንድ የግብር ዓመት ከአገር መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ «ዘ ዎል»ም ከፊሉ ፈረንሳይ ውስጥ የተቀዳው ለዚህ ነው። በባለሙያ ምክር የተቀመጠው ገንዘብ ሲተን፣ በፍቅር የተገዛችው አሮጌ ፌራሪ ጋራዥ ውስጥ ነበረች።

ሜሰን ደግሞ ፈረንሳይ ከሆነ አይቀር ብሎ፣ የድራም ሥራውን ቀደም አድርጎ ጨርሶ ሰኔ 1979 ሌ ማን ሄደ። 24 ሰዓት ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ሾፌሮች እየተቀያየሩ የሚነዱበት ውድድር ነው። በትንሽዬ ሎላ መኪና 18ኛ፣ በምድቡ ሁለተኛ ወጣ። የባንዱ ማናጀር ስቲቭ ኦሩርክም በዚያው ውድድር ላይ ነበር፤ በፌራሪ። (የሪከርድ ኩባንያውን ሰዎች አስቡልኝ።) ሜሰን እስከ 1984 ድረስ አምስት ጊዜ ተመላለሰ።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1991 ሜክሲኮ ውስጥ፣ በፓናሜሪካና ሰልፍ ላይ፣ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ይዞት የነበረው ጃጓር ከመንገድ ወጥቶ አብሮት የነበረው ኦሩርክ እግሩ ተሰበረ።

እንግዲህ በ2018 አንዲት 250 ጂቲኦ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ይህን ያህል የሚያወጣ ነገር ይነዳል? ብዙ ባለቤቶች አይነዱም፤ ምክንያታቸውም የዋጋ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ግጭት የመጀመሪያውን ላሜራ ይወስዳል፤ በአዲስ ተቀጥቅጦ ሲተካ በ1962 ጣሊያን ውስጥ የሠራው እጅ ከዚያ ቦታ ይጠፋል። ሜሰን ራሱ በ2017 ጉድውድ ላይ ማክላረን ኤፍ 1 ጂቲአሩን አጋጭቷል፤ ዕድሜው 73 ነበር። ቢሆንም እኔ ከሜሰን ጎን ነኝ። ቆሞ የኖረ ሞተር ጎማው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ድምፁ አይሰማም።

ድምፁ ነገር ለእሱ ቀልድ አይደለም። በ1998 ስለ መኪኖቹ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሲዲ አለ። ሙዚቃ የለበትም። የእያንዳንዱ መኪና ሞተር ሲነሳና ሲነዳ ነው የተቀዳው።